ጎረቤቴ መንገድ ላይ በርሜል አስቀምጠው «ቦታዬ ነው» ይላሉ፤ ምን ይሻላል?

ባለቪትዙ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሰፈር ግን እያቃቃረ ስለሆነ ሐሳብ ስጡኝ።

የምኖረው ኡራኤል አካባቢ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚገባ ኮብል ስቶን ላይ። መንገዱ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል መኪና ከቆመ የሚያልፈው ሰው ስፖኪዮውን ማጠፍ አለበት። የግቢያችን በር የእግረኛ ብቻ ስለሆነ መኪና አይገባም። ስለዚህ ቪትዟ ውጭ ነው የምታድረው። ለሰፈሩ ጥበቃም በየወሩ እንደ ማንኛውም ሰው እከፍላለሁ።

ፊት ለፊታችን አንድ አባት አሉ። እሳቸው መኪና የላቸውም። ግን አጥራቸው ጥግ ሲሚንቶ የተሞላ በርሜል እና ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አስቀምጠዋል። ቦታው ለልጃቸው ነው አሉ። ልጃቸው የሚኖረው ሰሚት ነው፤ የሚመጣው እሁድ እሁድ። በቀሩት ቀናት ቦታው ባዶውን ውሎ ባዶውን ያድራል። እኔ ደግሞ ማታ ከሥራ ስገባ ሰፈሩን እየዞርኩ ነዳጅ እጨርሳለሁ።

በቀደም ዶፍ ሲወርድ ሌላ ቦታ ስላጣሁ በርሜሉን ገፋ አድርጌ አቆምኩ። ጠዋት ስወጣ የኋላ ጎማዬ ተንፍሷል። ማን እንዳደረገው አላየሁም፣ ስለዚህ ማንንም አልወነጅልም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላምታ ቀርቷል። እናቴ ከባለቤታቸው ጋር አንድ እድር ናቸው፤ ቡና ይጠራራሉ። «ለአንዲት መኪና ብለህ ጎረቤት አታሳጣኝ» ትለኛለች።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከአጥር ውጭ ያለው መንገድ የማን ነው? ደንብ ማስከበር ልሂድ ወይስ ዝም ልበል?

ኮድ 3 ሹፌር

ዝም ማለት ብሎ ነገር የለም። መንገድ የመንግሥት ነው። በርሜሉን ጠዋት ቆሻሻ ገንዳው ጋ ውሰደውና ገላግለው። እኔ ሰፈር አንዱ አሮጌ ጎማ ደርድሮ «ቦታዬ» ሲል የሰፈሩ ልጆች ለደመራ ወሰዱለት። እስከ ዛሬ ሌላ አላስቀመጠም።

የሰፈሩ ታዛቢ

ከላይ ያለውን ምክር አትስማ። ሲሚንቶ የተሞላ በርሜል ማን ያነሳዋል? ደግሞ ነገ ያንተን መኪና በምስማር ቢቦጭሩት ምን ልትል ነው?

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግቢያችሁ ውስጥ ድሮ መኪና ይገባ ነበር ወይስ አይገባም? ኡራኤልን አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው ግቢው ላይ ሰርቪስ ቤት ደርድሮ አከራይቶ፣ ጋራዡን ደግሞ ሱቅ አድርጎ፣ መኪናውን መንገድ ላይ አውጥቷል። ከዚያ መንገዱ ጠበበ ብሎ ያለቅሳል። ኪራዩን ለራሱ፣ መኪናውን ለሰፈሩ!

ባለቪትዙ

ታዛቢ፣ የእኛ የቀበሌ ቤት ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ በር ነው የምንገባው። ጋራዥ ቢኖረኝ እዚህ መጥቼ ምን አከራከረኝ?

የአራዳው ጠበቃ

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ ከዚያ መጨቃጨቁን ቀጥሉ።

አንደኛ፣ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሰው ያለው የይዞታ መብት ነው፤ እሱም የሚያበቃው ካርታው ላይ ያለው ወሰን ላይ ነው። ከአጥሩ ውጭ አንድ ክንድ እንኳ የለውም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ መንገድን በቁጥር 1446 በሕዝብ አገልግሎት ንብረትነት ይመድበዋል። እንዲህ ያለ ንብረት ለረጅም ዘመን ስለተጠቀሙበት ብቻ የግል አይሆንም። «ሠላሳ ዓመት እዚህ ነው የማቆመው» የሚል ክርክር ፍርድ ቤት አያስኬድም። የአባትየው ብቻ ሳይሆን ያንተም።

ሁለተኛ፣ በርሜልና ድንጋይ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ደንብ መተላለፍ ነው። ጎማ ማስተንፈስ ደግሞ የሰው ንብረት ላይ እጅ ማንሳት ነው። አጥር ላይ «ጎማ እናስተነፍሳለን» ብሎ በቀለም መጻፍም ሕጋዊ አያደርገውም።

ሦስተኛው ነው ሰው የሚያምታታው። ማንም ሰው የመኪና መግቢያ በሩ እንዳይዘጋበት የመጠየቅ መብት አለው። በር የሚዘጋ መኪና ጥፋተኛ ነው። ግን በሩ ክፍት ይሁን ማለትና አጥሬ ሥር ያለው ቦታ የእኔ ነው ማለት በጣም ይለያያል። የመጀመሪያውን ትራፊክ ፖሊስ ያስፈጽምልሃል። ሁለተኛውን የሚያስፈጽም የለም። ጎረቤትህ የመኪና በር ከሌላቸውና በርሜሉ ያለው አጥር ጥግ ከሆነ፣ የጠየቁት ሁለተኛውን ነው።

ወ/ሮ ከካዛንቺስ

ጠበቃው ጥሩ ብለዋል። «ትራፊክ ያስፈጽማል» የሚለውን ግን በእኔ ላይ የደረሰውን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ቤታችን አጠገብ ክሊኒክ ተከፈተ። ስሙን ተዉት። ታካሚ መኪናውን የእኛ በር ላይ አቁሞ ይገባል። አባቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ነው፤ እጥበት ቀኑ ላይ በሰዓቱ መውጣት አለብን። አንድ ቀን በሩን ብንከፍት ራቫ ፎር ተገትሯል። ክላክስ ነፋን፣ ክሊኒኩ ገብተን በታርጋ ቁጥር አስጠራን፣ የሚመልስ ጠፋ። ትራፊክ ጠራን። ደግነቱ ቶሎ መጣ። ምን አደረገ? መፍቻውን አውጥቶ ታርጋውን ፈታ፣ ይዞ ሄደ። መኪናውስ? እዚያው! አሁን ደግሞ ታርጋ የሌለው መኪና በራችን ላይ ቆመ። አባቴን በራይድ ወሰድነው።

ባለመኪናው ሲመጣ የተቆጣው በእኛ ነው። «ለአሥር ደቂቃ ብላችሁ ታርጋ ታስፈታላችሁ?» አለ። ለአሥር ደቂቃ!

ከዚያ ወዲህ እኛም ድንጋይ አስቀምጠናል። በሩ ግራና ቀኝ። ሕገ ወጥ ነው በሉኝ፤ አላነሳውም። ስለዚህ ባለቪትዙ፣ የሰውየውን በርሜል ከማውገዝህ በፊት ለምን እንዳስቀመጡት ጠይቀሃቸዋል?

ኮድ 3 ሹፌር

ወ/ሮ ከካዛንቺስ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። የእርስዎ ግን በር ነው፣ እሱ ሌላ ነው። (አንቺም እርስዎም አልኩ፣ ይቅርታ፤ ዕድሜዎን ስለማላውቅ ነው።)

የድሮ አራዳ

ልጆች፣ እኔ ከእናንተ ብዙ ጤፍ ሳልበላ አልቀርም፤ ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ይህ ጠብ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

የመሀል ከተማው ግቢ ሲሠራ ለመኪና አልተሠራም። ለጋሪ የሚበቃ በር የነበረው እንኳ የሀብታም ነበር። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ አንድ ባለቤት የነበረው ግቢ ብዙ አባወራ ገባበት። ዋናው ቤት አንዱ፣ ሰርቪሱ ሌላው፣ ማድ ቤቱ ሳይቀር ለሌላ ደረሰ። በሩ ግን አንድ ነው። ግቢው የሁሉም ስለሆነ ማንም መኪና አያስገባበትም። ያኔ ችግር አልነበረም፤ መኪና ያለው ማን ነበር? በእኛ መንደር አንድ ቮልስ ነበረች። አልነሳ ስትል እየገፋን የምናስነሳት እኛ ልጆቹ ነበርን፤ የመንደሩ መኪና ነበረች ማለት ይቻላል።

በኋላ ኮብል መጣ። ኮብሉ ሲነጠፍ ነዋሪው አዋጥቷል። ይኸው ነው መዘዙ! «በእኔ አጥር ፊት ያለውን ድንጋይ እኔ ነኝ የከፈልኩበት» የሚል ሰው ተፈጠረ። ጠበቃው ሕግ ጠቀሱ፤ ልክ ናቸው። ግን ለዚያ መንገድ ከጡረታው ቆርሶ ያዋጣ ሽማግሌ በዶፍ ጭቃ ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው። መንገዱን የእኔ ቢል አይገርመኝም። አትቀበሉት፣ ግን አትሳቁበት።

የሰፈሩ ታዛቢ

የድሮ አራዳ፣ እድሜ ይስጥልን። በኮብል መዋጮ የከፈልኩት እኔም ነኝ። ታዲያ ያዋጣሁት ለመሄጃ እንጂ ለመኪና ማቆሚያ አይደለም። አሁን መንገዱ ላይ የሚሄደው ቆሞ ከሚያድረው አነሰ!

ሌላም ነገር አለ። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ዋና መንገዶቹን ሲያሰፋና የእግረኛና የሳይክል መስመር ሲሠራ፣ ዳር ዳሩን ይቆም የነበረው መኪና ሁሉ የት ሄደ? ወደ እኛ ውስጥ ለውስጥ ነው የገባው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የማናውቀው ሰው መጥቶ አቁሞ ወደ ቢሮው ይሄዳል፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል። ከጎረቤት ጋር የምንጣላው እርስ በርስ ነው፤ ቦታውን የያዘው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሕንፃዎቹንም አትርሱ። ሲፈቀድላቸው ምድር ቤቱ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ነው። ገብታችሁ ብታዩ መጋዘን ነው፣ ምግብ ቤት ነው፣ አንዳንዱ ጂም ነው። ከከተማ አስተዳደሩ «ወደ ማቆሚያነት መልሱ» የሚል ማሳሰቢያ ስንቴ ሰማን? ለሳምንት ይጸዳል፣ ከዚያ ካርቶኑ ይመለሳል።

ሚሚ ላቫጆ

ለእንግዳና ለቢሮ ሰው እኮ መስቀል አደባባይ ሥር ያለው ማቆሚያ አለ። ከኡራኤል ሩቅ አይደለም። በ2013 አደባባዩ ሲታደስ የተሠራው። ለምን እዚያ አያቆሙም?

የሰፈሩ ታዛቢ

ሚሚ፣ ያስከፍላላ። የእኛ መንገድ ነጻ ነው። ነጻ ባለበት ማን ይከፍላል?

ባለ ኤሌክትሪክ

ክሩን ላበላሽ አይደለም፤ ግን የእኔን ሰምታችሁ ሳቁ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል ኤሌክትሪክ ገዛሁ። ቻርጅ የማደርገው ከቤቴ በወጣ ገመድ ነው። ስለዚህ የእኔ መኪና የትም ቦታ ላይ መቆም አትችልም፤ አጥሬ ሥር ብቻ ነው። ጎረቤቴ ቦታውን ቀድሞ ከያዘ ነገ ሥራ አልሄድም ማለት ነው። ገመዱን በእግረኛ መንገድ ላይ ላሳልፍ ስል ደግሞ አንዲት እናት ሊደናቀፉ ምንም አልቀራቸው።

የአራዳው ጠበቃ

ገመዱን ከመሬት አንሳው፤ ቀልድ አይደለም። ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅ ኃላፊው አንተ ነህ። ዝናብ ላይ ደግሞ የባሰ አደጋ አለው። ግቢ ውስጥ የምታስገባበት መንገድ ከሌለ፣ ቀን ሥራ ቦታህ ወይም የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ሞክር።

የልደታዋ

እኛ ኮንዶሚኒየም ስለሆንን ግቢው የጋራችን ነው፤ የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ እንደዚያ ይላል። የጋራ በመሆኑ ብቻ ጠብ የለም ማለት ግን አይደለም። መጀመሪያ ሁሉም የራሱን ቁጥር አስፋልቱ ላይ በቀለም ጻፈ። አንዱ ሌሊት ተነስቶ የሌላውን አጥፍቶ የራሱን ሲጽፍ ተያዘ። ትልቅ ሰው፣ ብሩሽ በእጁ!

በኋላ በስብሰባ ቁጥሩ ሁሉ እንዲጠፋ ወሰንን። ቀድሞ የመጣ ያቆማል። ሦስት ነገር ብቻ ግዴታ ነው፤ ስልክ ቁጥር መስታወት ላይ ይቀመጣል፣ ከሌላ መኪና ኋላ ያቆመ ሰው መኪናው ተገፍቶ እንዲነሳ የእጅ ፍሬን አይዝም፣ የማይነቃነቅ መኪና ግቢ ውስጥ አይከርምም። የመጨረሻው ነው ያስጨነቀን። ሞተሩ ወርዶ ጎማው ተንፍሶ ቸርኬው መሬት የነካ ዲኤክስ ነበረ፤ ባለቤቱ ውጭ አገር። ድመት ወልዳበታለች። ለእሱ መፍትሔ እስኪገኝ የፈጀብን ጊዜ ለቀሪው ሁሉ አልፈጀም።

እጅ ፍሬን አለመያዝ ስል ሜዳ ላይ ነው እንግዲህ። ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክሩት።

ጥላሁን ያልሆነው ጥላሁን

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እሳት አደጋ።

እኛ መንደር ሌሊት አንድ ቤት እሳት ተነሳ። 939 ደወልን፣ መኪናው መጣ። እስከ መታጠፊያው። መታጠፊያው ላይ ግራና ቀኝ መኪና ቆሟል። ትልቁ መኪና አልዞር አለው። ባለመኪናዎቹን በየበሩ እያንኳኳን ቀሰቀስን። ስልክ ያስቀመጠ አንድ ብቻ ነበር። ውሃውን በረጅም ቱቦ ጎትተው አጠፉት። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ሁለት ክፍል ተቃጠለ።

ስለዚህ ለእኔ አንድ መኪና የማን አጥር ሥር ቆመ የሚለው ሁለተኛ ነው። መታጠፊያው ላይ አታቁሙ። በሁለቱም በኩል አታቁሙ። በአንድ በኩል ብቻ ይሁን፤ የቱ በኩል እንደሆነ ደግሞ መንደሩ ይስማማበት።

ኮድ 3 ሹፌር

በጥላሁን ሐሳብ እስማማለሁ። በአንድ በኩል ሲባል ግን በማን በኩል? እዚያ ላይ ነው ጦርነቱ።

የድሮ አራዳ

ሰው ሲሞት ድንኳን በማን በኩል እንደሚተከል ማን ይጣላል? ማንም። ድንኳኑ መንገዱን ሁሉ ይዘጋል፣ መኪናው ሁሉ ሌላ መንደር ሄዶ ያድራል፣ አንድ ሰው አይናገርም። የእድሩ ዳኛ አንድ ቃል ከተናገረ በቃ። እናንተስ ለምን በእድሩ አትነጋገሩም? ወረዳ ከመሄድ ይቀርባል።

ወ/ሮ ከካዛንቺስ

ጋሼ፣ እድሩ እኮ የነበረው ሰፈሩ ሳይፈርስ ነው። እኛ ጋ ግማሹ ነዋሪ ተነስቷል። አሁን በዙሪያዬ ያለው ፔንሲዮንና ቢሮ ነው። ከፔንሲዮን ጋር በእድር አልነጋገር!

የድሮ አራዳ

እሱስ እውነት ነው።

ባለቪትዙ

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ወ/ሮ ከካዛንቺስ «ጠይቀሃቸዋል?» ያሉኝ ነገር ሲከነክነኝ ከረመና ከእናቴ ጋር ቅዳሜ ገባን። እናቴ ቡና ይዛ፣ እኔ ስኳር ይዤ። አንድ የእድሩ ሽማግሌም ነበሩ።

አባትየው መጀመሪያ ስለ ልጃቸው መኪና ነው ያወሩት። ትንሽ ቆይቶ ግን ዋናው ነገር ወጣ። እዚያ ጥግ ላይ ድሮ ሚኒባስ ያድር ነበር። ማታ ከመጠጥ ቤት የሚወጣው ሁሉ ሚኒባሷን ተገን አድርጎ አጥራቸው ላይ ይሸናል። የመኝታ ቤታቸው መስኮት እዚያው ነው። ሽታው አላስተኛ አላቸው፣ የአጥሩ ጭቃም ረጠበና ተናደ። በኪሳቸው አሠሩት። በርሜሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የልጁ መኪና በላዩ የተደረበ ሰበብ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ጎማው እኔም አልጠየቅሁ፣ እሳቸውም አላነሱ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኔ አቆማለሁ፤ ከአጥሩ ራቅ አድርጌ ሳይሆን አስጠግቼ፣ ሰው መሀል እንዳይገባ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት አነሳለሁ። የጥበቃው ልጅ ጥጉን ማታ ማታ በባትሪ እንዲያይ ነገርነው። በርሜሉ ወደ በራቸው ተጠግቶ አበባ ይተከልበታል ተባለ፤ ይህ የእናቴ ሐሳብ ነው።

ችግሩ ልጁ ነው። ማታ ደውሎ «ያለ እኔ ማን ፈቀደ?» ብሎ አባቱን ተቆጥቷቸዋል። አባትየው ደግሞ «ቤቱ የእኔ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉበት አሉ።

የሰፈሩ ታዛቢ

አስጠግተህ ስታቆም የአጥሩ ፍሳሽ መውጫ እንዳይደፈን ተጠንቀቅ። ክረምት ነው። ውሃው ወደ ቤታቸው ከተመለሰ ስምምነቱ በአንድ ሌሊት ያበቃል።

ሚሚ ላቫጆ

ስምምነቱን ለምን በጽሑፍ አታደርጉትም? ሦስት ምስክር፣ ፊርማ፣ አለቀ።

የአራዳው ጠበቃ

አይሆንም። የሕዝብ መንገድን ሁለት ግለሰቦች ተዋውለው ሊከፋፈሉት አይችሉም። ሌላ ሰው ነገ መጥቶ ቢያቆምበት ወረቀቱን አሳይታችሁ አታስነሱትም። በቃል ይቆይ። ከልጅየው ጋር ግን በስልክ አትነጋገር፤ ፊት ለፊት፣ አባትየው ባሉበት።

ባለቪትዙ

እሺ ጠበቃ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ቤት ተጠርተናል። የፍሳሹን መውጫ ዛሬ አየሁት፤ ግማሹ ቀድሞም በቅጠል ተደፍኗል። አካፋ ያለው ጎረቤት እየፈለግኩ ነው።